ጆርዳን በሰባት አዳር፦ ከአማን እስከ አቃባ

ጆርዳን ትንሽ አገር ናት። ከሰሜን ድንበሯ ተነስቶ ደቡብ ጫፏ ላይ ካለው ቀይ ባሕር ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅም። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። “አማን አንድ ሆቴል ይዤ፣ በየቀኑ ደርሼ እመለሳለሁ” ብሎ ያቅዳል። ከአማን ወደ ፔትራ፣ ከዓለት ወደተፈለፈለችው ጥንታዊት ከተማ፣ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ነው። መመለሻውም ሦስት። ስትደርሱ ፀሐዩ ከርሯል፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ሰዉን አራግፈው ጨርሰዋል፣ ገና ዓይናችሁ ሳይጠግብ ሾፌሩ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው አዳር ነው። የት እንደምታድሩ ካወቃችሁ ሌላው ቦታ ቦታውን ይይዛል። እኔ የምመክረው ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ ነው፦ አማን ሁለት ሌሊት፣ ማዳባ አንድ፣ ዋዲ ሙሳ (ፔትራ አጠገብ ያለችው ከተማ) ሁለት፣ ዋዲ ረም በረሃ አንድ፣ አቃባ አንድ። ባሕሩ መጨረሻ ላይ የገባው በምክንያት ነው። ፔትራ እግር ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አሸዋ ላይ መዘርጋት እንጂ ሙዚየም መዞር አያምራችሁም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቪዛ። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛውን አማን ኤርፖርት ሲደርስ ያገኛል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 40 ዲናር ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ግን “ስደርስ ይሰጡኛል” ብሎ አይነሳ። ቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ ጊዜም ይወስዳል። ቪዛው ሳይያዝ ትኬት አይቆረጥም። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ለያዛችሁት ፓስፖርት የሚሠራውን ሕግ ከኤምባሲው ጠይቁ። የጓደኛ ወሬ አይበቃም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። አማን ውስጥ በቤት ሥራ የሚተዳደሩ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። በዚህ የተነሳ ብቻዋን የምትጓዝ ኢትዮጵያዊት፣ ፓስፖርቷ የየትም አገር ይሁን፣ ኢሚግሬሽን ላይ ከሌላው ቱሪስት አንድ ሁለት ጥያቄ ሊጨመርባት ይችላል። የሆቴል ቡኪንጉንና የመመለሻ ትኬቱን በወረቀት አትማችሁ ያዙ። ስልክ ባትሪ ይዘጋል።

ጆርዳን ፓስ። በኢንተርኔት የሚሸጥ የጎብኚዎች ካርድ ነው። ፔትራን፣ ጀራሽን፣ የአማንን አምባ፣ ከረክንና ዋዲ ረምን ጨምሮ ከ40 በላይ ቦታዎችን ያስገባል። ፔትራን ለአንድ ቀን ከሆነ 70 ዲናር፣ ለሁለት ቀን 75፣ ለሦስት ቀን 80 ነው። ጥቅሙን አስሉት። የፔትራ የአንድ ቀን ትኬት ብቻውን 50 ዲናር ነው፤ ቪዛው 40። ሁለቱ ብቻ 90 ሆኑ። ካርዱን የያዘ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ካደረ የቪዛው ክፍያ ይቀርለታል። የ75ቱን ውሰዱ። ጆርዳን ከመግባታችሁ በፊት መገዛት አለበት፤ ቪዛ የሚከለከለውን ሰው ግን አያስገባም። የሚቀርለት ክፍያው ብቻ ነው። ዋጋው ሊቀየር ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

ገንዘብ። ዲናር ከዶላር ይበልጣል። አንድ ዲናር 1.41 ዶላር ገደማ ነው። ሜኑ ላይ 10 የሚል ስታዩ 14 ዶላር እንደሆነ አስቡ። ሌላም አለ። አንድ ዲናር 1000 ፊልስ ስለሆነ ዋጋ በሦስት አኃዝ ይጻፋል። 3.500 ማለት ሦስት ዲናር ተኩል ነው። ሦስት ሺህ አምስት መቶ መስሏችሁ አትደንግጡ።

ወቅት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ወይም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። እኛ “ክረምት ገባ” ብለን ጃኬት ስንደርብ አቃባና ዋዲ ረም 40 ዲግሪ ይነድዳሉ። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ አማንና ፔትራ ይበርዳሉ፤ በረዶ የሚጥልበት ዓመትም አለ። ረመዳን ላይ ከዋላችሁ ምግብ ቤቶች ቀን እንደሚዘጉና የጉብኝት ሰዓት እንደሚያጥር እወቁ። ዓርብ የሕዝብ ትራንስፖርት ይሳሳል። ዜናም ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 በአካባቢው ግጭት የተነሳ የጆርዳን የአየር ክልል ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። በረራ ሲዛባ ትኬታችሁ መቀየር የሚችል ቢሆን ይሻላል።

ሰዓት። ጆርዳን እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት። እዚህ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። በር ላይ 6:00 የሚል ካያችሁ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው።

አማንና ጀራሽ (ሁለት አዳር)

ኤርፖርቱ ከከተማው በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የኤርፖርት አውቶቡስ አለ፤ ርካሽ ነው። ሻንጣ ከበዛ ኡበር ወይም ካሪም ጥሩ። የመንገድ ታክሲ ከያዛችሁ “ሜትር” ብላችሁ ግቡ። ማረፊያ ስትመርጡ መሀል ከተማው ወይም ጀበል አማን ይመረጣል። አማን ኮረብታ በኮረብታ ናት። ካርታው ላይ 300 ሜትር የሚለው መንገድ መቶ ደረጃ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት አምባውን ውጡ። ንጉሥ ዳዊት ኢዮአብን ልኮ ያስከበባት፣ ኦርዮ በቅጥሯ ሥር የወደቀባት ረባት ይህቺው ናት። ሮማውያን ደግሞ ፊላዴልፊያ ይሏት ነበር። አሁን አምባው ላይ የቆሙት የሄርኩለስ መቅደስ አምዶችና የኡመያዶች ቤተ መንግሥት ናቸው። ከመቅደሱ አጠገብ ከእብነ በረድ የተሠሩ ግዙፍ ጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐውልቱ ምን ያህል ይሆን እንደነበር ከጣቶቹ ገምቱ። ከታች የሚታየው የሮማውያን ቲያትር 6000 ሰው ይይዛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአምባው ላይ ሁኑ፤ የየመስጊዱ አዛን ከየኮረብታው ተራ በተራ ይነሳል።

ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ፉል ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የአማኑ ግን የወይራ ዘይትና ሎሚ ይበዛዋል። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ ጆርዳን የጾም አገር ናት ማለት ይቻላል። ሑሙስ፣ ፈላፍል፣ ፉል፣ የተጠበሰ ባድንጃን፣ ሁሉም በዘይት ነው። እርጎ እንዳይጨምሩበት ብቻ ጠይቁ። ፍስክ ላይ ከሆናችሁ መንሰፍን ቅመሱ። በደረቀ እርጎ የበሰለ የበግ ሥጋ ሩዝ ላይ ተከምሮ ይመጣል፤ በአንድ ትሪ፣ በቀኝ እጅ ይበላል። ፈረንጁ እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ እኛ ምን ቸገረን። ቡናውን በሄል አፍልተው በትንሽ ስኒ ያቀርባሉ። በቃኝ ለማለት ስኒውን ነቅነቅ አድርጋችሁ መልሱ። ካልነቀነቃችሁ ይደገማል።

ሁለተኛው ቀን ጀራሽ ነው። ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሚኒባስ ከሰሜኑ መናኸሪያ (ተበርቡር) ይነሳል፤ የሚሞላው ሰው ሲያገኝ ነው፤ ታክሲ ተራ ያደገ ሰው አይከብደውም። ጀራሽ በወንጌል “ዐሥሩ ከተማ” ከሚባሉት አንዷ ናት። ከምሥራቁ ዓለም የሮማውያን ከተሞች በደንብ ከቆዩት ውስጥ ትቆጠራለች። መግቢያው ላይ ያለው ቅስት ለንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ጉብኝት እ.ኤ.አ. በ129 የተሠራ ነው። ዋናው ጎዳና ላይ ስትሄዱ ወደ መሬት እዩ፤ የሠረገላ ጎማ ድንጋዩን በልቶ የተወው ቦይ አለ። አርጤምስ መቅደስ ስትደርሱ ደግሞ ከአምዶቹ ሥር የሚያንዣብብ ሰው አይጠፋም። ማንኪያ ወይም ቁልፍ በአምዱና በመሠረቱ መሀል ይሰካል። ነፋስ ሲነፍስ ማንኪያው ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ሁሉ ድንጋይ ይወዛወዛል ማለት ነው። ለማሳያው ሳንቲም ይፈልጋል፤ ስጡት፣ ይገባዋል። ደቡቡ ቲያትር ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች የስኮትላንድ ባግፓይፕ ሲነፉ ብትሰሙ አትገረሙ፤ የእንግሊዝ ጦር ትቶት የሄደው ነው።

ሦስት ሰዓት ለጀራሽ ይበቃል። ጠዋት ሂዱ፤ ጥላ የለም።

ናባው፣ ዮርዳኖስ፣ ሙት ባሕር (ማዳባ አንድ አዳር)

ከዚህ ቀን ጀምሮ መኪና ያስፈልጋል። ተከራዩ ወይም ሾፌር ያዙ። የሕዝብ ትራንስፖርት እነዚህን ቦታዎች በአንድ ቀን አያገናኝም። የምታሽከረክሩ ከሆነ መንገዱ እንደኛው በቀኝ ነው፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጡ፣ ምልክት የሌላቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ስላሉ በመንደር ውስጥ ቀስ በሉ። በሙት ባሕር መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ፓስፖርት ከእጅ አይራቅ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ማዳባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን። ወለሉ ላይ በስድስተኛው መቶ ዘመን በቀለም ጠጠር የተሠራ የቅድስት አገር ካርታ አለ። ሁሉም ኢየሩሳሌምን ይፈልጋል። እናንተ ዮርዳኖስ ሙት ባሕር የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። አንዲት ዓሣ ወደ ባሕሩ ልትገባ ስትል ጨውን ቀምሳ ፊቷን አዙራ ወደ ላይ ትዋኛለች። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ዘግየት ብላችሁ ሂዱ። ይህና ናባው ተራራ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድራቸው ስለሆኑ ጆርዳን ፓስ አያስገባም፤ መግቢያቸው ግን ጥቂት ነው። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

ናባው ከማዳባ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ያየበት ተራራ ይህ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ኢያሪኮ ይታያል፤ በጣም ጥርት ካለ ደግሞ ኢየሩሳሌም። ጭጋግ ከሆነ አትቆዩ።

ከናባው ቁልቁል ወደ ጥምቀቱ ቦታ ትወርዳላችሁ። አል-መግጠስ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። በራስ መኪና አይገባም፤ ከመግቢያው አውቶቡስ ከአስጎብኚ ጋር ይወስዳል። ትኬቱ ለብቻው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በየዓመቱ ጥምቀት ስንል ዮርዳኖስን ትልቅ ወንዝ አድርገን ነው በልባችን የምንሥለው። ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፣ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖቹን የሚከፍለውን ቦይ ዮርዳኖስ ብሎታል። እውነተኛው ወንዝ ግን ጠባብ ነው። ውኃው ጭቃ መልክ አለው፤ ማዶ ያለው ሰው ሲያወራ ይሰማል። ማዶው እስራኤል የምትቆጣጠረው የዌስት ባንክ ዳርቻ ነው። መሻገር የለም፤ በመሀል ያለው ድንበር ነው። ወንዙ የጠበበው ውኃው ከላይ ለእርሻና ለመጠጥ ስለሚጠለፍ ነው። ይህን አውቆ የሄደ ሰው አይከፋውም። ውኃ ለእናት ለአባት መውሰድ የምትፈልጉ ትንሽ ጠርሙስ ያዙ፤ በአውሮፕላን ግን እጅ ሻንጣ ውስጥ አያሳልፏችሁም፣ በሚጫነው ውስጥ አሽጉት።

ቀጥሎ ሙት ባሕር። ከባሕር ጠለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው፤ በምድር ላይ ከዚህ ዝቅ ያለ ደረቅ መሬት የለም። በዓመት አንድ ሜትር ያህል እየወረደ ስለሆነ ዳርቻው ከድሮው ርቋል። አፋር ሄዳችሁ አፍዴራ ሐይቅ ላይ ተንሳፍፋችሁ ከሆነ ስሜቱን ታውቁታላችሁ፤ ይህ ግን ይብሳል። ደንቡ ይህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ጢም ወይም እግር አትላጩ። ቁስል ካላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። ጉልበት ሲደርስ እንደ ወንበር ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ ውኃው ራሱ ያነሳችኋል። በሆድ አትተኙ፤ እግር ወደ ላይ ይነሳና ፊት ይጠልቃል። ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ዓይን ከነካ አትሹ፤ ንጹሕ ውኃ በጠርሙስ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ዳር ላይ ይኑር። ነጻ ዳርቻዎች ሻወር የላቸውም። ለመግቢያ የሚያስከፍል ዳርቻ ከፍላችሁ ታጠቡ፤ ጨው ቆዳ ላይ ሲደርቅ የሚያሳክከውን አትጠይቁኝ።

ሙት ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎች ውድ ናቸው። ስለዚህ ለአዳር ወደ ማዳባ መመለስ ይሻላል። ዳገቱን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ወደ ደቡብ፣ በንጉሡ መንገድ

ወደ ፔትራ ሦስት መንገድ አለ። ፈጣኑ የበረሃው አውራ ጎዳና ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። እናንተ የንጉሡን መንገድ ያዙ። ጥምዝምዙ ይበዛል፣ ግን ዋዲ ሙጂብ ሸለቆ ላይ ስትደርሱ መኪናውን ራሳችሁ ታቆሙታላችሁ። የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው አገሩ ትዝ ይለዋል። በበረዶ ወቅት ግን በበረሃው ሂዱ።

ከረክ ላይ የመስቀል ጦረኞች እ.ኤ.አ. ከ1142 ጀምሮ የሠሩት ምሽግ አለ። አንድ ሰዓት ስጡት። ከከረክ ትንሽ ወደ ደቡብ ደግሞ አል-መዛር የምትባል ከተማ አለች። የቱሪስት መጽሐፍ ብዙም አያነሳትም። ለእኛ ግን ሌላ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ እዚህ ተቀብሯል። ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ወክሎ በነጃሺ ፊት የቆመው፣ ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ያነበበው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ629 በሙእታ ጦርነት ወደቀ። መስጊዱ ትልቅ ነው፤ ልብሳችሁን አስተካክላችሁ፣ ሴቶች ራስ ሸፍናችሁ ግቡ። ከየት እንደመጣችሁ ከጠየቋችሁ “ሐበሻ” በሉ።

ማታ ዋዲ ሙሳ ግቡ። መኪና የሌላችሁ ከአማን በቀጥታ መምጣት ትችላላችሁ፤ ጄት የሚባለው ድርጅት አውቶቡስ ጠዋት 12:30 ላይ ይነሳል።

ፔትራ (ዋዲ ሙሳ ሁለት አዳር)

በሩ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። እዚያ ያደራችሁት ለዚህ ነው። ውኃ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ማታ ከከተማው ሱቅ ግዙ፤ ውስጥ ዋጋው እጥፍ ነው። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ እዚህ አይፈተንም።

ከመግቢያው ሲቅ እስከሚባለው የገደል መተላለፊያ አፍ ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረስ ያቀርቡላችኋል፣ “ትኬቱ ውስጥ አለ” ይሏችኋል። እውነት ነው። ግን ሲያወርዷችሁ ጉርሻ ይጠየቃል፤ የማትሰጡ ከሆነ አትውጡ። ሲቁ ሁለት ትልቅ ገደል የተጠጋጋበት 1.2 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠባብ መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጣል። እናንተ ግድግዳውን እያያችሁ ሂዱ። በወገብ ከፍታ ላይ ከድንጋዩ የተፈለፈለ የውኃ ቦይ እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። ናባጣውያን በዚህ በረሃ መሀል ትልቅ ከተማ ያቆሙት በዚህ ቦይ ነው። ጎርፉን ደግሞ ሲቁ አፍ ላይ ገድበው በዋሻ ወደ ጎን አስወጡት። መሀል ላይ በግራ በኩል የግመል ቅፍለት ቅርጽ አለ። ከሰውዬው የቀረው እግሩና የልብሱ ጫፍ ነው፤ ግመሉም እንደዚያው።

ጎርፍ ካነሳን፣ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቁ ውስጥ የገባ ደራሽ ውኃ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገድሏል። ዝናብ አለ ከተባለና ጠባቂዎች ውጡ ካሉ፣ ፎቶ ልጨርስ አይባልም።

ከሲቁ ስትወጡ ግምጃ ቤት የሚባለው፣ ከገደሉ የተፈለፈለው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። 40 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የንጉሥ አሬታስ አራተኛ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ ያመለጠው በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው። ስሙ ግምጃ ቤት ይባል እንጂ መቃብር ነው። አናቱ ላይ ያለውን የድንጋይ ማሰሮ ወርቅ ያለበት መስሏቸው የአካባቢው ሰዎች ድሮ በጥይት ሲመቱት ኖረዋል፤ ጠባሳው ከታች ይታያል። ፀሐይ ፊቱ ላይ የምታርፈው ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ነው። ስለዚህ በባዶው ሰዓት አይታችሁ አልፉና በዚያ ሰዓት ተመልሳችሁ ፎቶውን አንሱ። “ከላይ ላሳያችሁ” ብሎ በገደሉ የሚወስድ ልጅ ይመጣል። እምቢ በሉ፤ መንገዱ አደገኛ ነው፣ የተፈቀደም አይደለም። ከላይ ለማየት ከንጉሣዊ መቃብሮቹ በኩል የሚወጣው የኩብጣ መንገድ አለ።

ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ “ውስጡስ?” ግምጃ ቤቱ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። የሌሎቹ ውስጥም ባዶ አራት ማዕዘን ክፍል ነው። ላሊበላ ድንጋዩ ከአራት ጎን ተፈልፍሎ፣ ውስጡ ተቀርጾ፣ ዛሬም ይቀደስበታል። ፔትራ ፊቱ ነው። ይህን ስል ለማሳነስ አይደለም፤ ዓይናችሁን የት እንደምታሳርፉ እንድታውቁ ነው። የፔትራ ውበት ቀለሙ ላይ ነው። ንጉሣዊ መቃብሮቹ ውስጥ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ። አሸዋማው ድንጋይ ቀይ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ ሆኖ በየመስመሩ ይፈሳል። ከመቃብሮቹ አንዱ፣ የማሰሮው መቃብር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ446 ቤተ ክርስቲያን ተደርጓል።

ምሳ ብሉ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ከዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም “ገዳሙ” ወደሚባለው፣ እንደ ግምጃ ቤቱ ከዓለት ወደተፈለፈለው ሕንፃ ውጡ። 800 ያህል ደረጃ ነው። ከሰዓት መንገዱ ጥላ ይሆናል፣ ፀሐዩም በሕንፃው ፊት ላይ ነው። ከግምጃ ቤቱ ይሰፋል፣ ሰውም ያነሰበት ነው። በአህያ ልውሰዳችሁ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም፤ ደረጃው ጠባብና የተሸረሸረ ነው፣ አህዮቹም አሳዘኑኝ። ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ መሀል ላይ ሻይ አለ። ዕቃ ከሕፃናት አትግዙ፤ በገዛችሁ ቁጥር አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። መመለሻው እስከ በሩ ድረስ ዳገት ስላለው ጉልበት አስቀሩ። ካለቀባችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ መኪናዎች ከግምጃ ቤቱ ያወጣሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

ማታ በሻማ የሚካሄደው “ፔትራ በሌሊት” ለብቻው ይከፈልበታል። እግራችሁ ካልተነቃነቀ ተዉት፤ የጠዋቱ ይበልጣል።

ሁለተኛውን ጠዋት ወደ መሥዋዕቱ ከፍታ ወይም ኩብጣ ውጡ። ጉልበት ከሌለ ትንሿ ፔትራ በመኪና ቅርብ ናት፣ መግቢያዋም ነጻ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ወደ ዋዲ ረም ተነሱ።

ዋዲ ረም (አንድ አዳር)

ከፔትራ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋናው ሥራ ካምፕ መምረጥ ነው። ኢንተርኔት ላይ “ዋዲ ረም” የሚለው ሁሉ ዋዲ ረም ውስጥ አይደለም፤ ብዙዎቹ ርካሾች ከጥብቁ ክልል ውጪ ዲሲ መንደር አጠገብ ናቸው። ከመያዛችሁ በፊት ጻፉላቸው። ካምፑ ክልሉ ውስጥ ነው ወይ? እራትና ቁርስ ይጨምራል ወይ? የመኪና ጉዞው ስንት ሰዓት ነው? ብርድ ልብስ በቂ አለ ወይ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

መኪናችሁን ረም መንደር ታቆማላችሁ፤ ከዚያ በክፍት ፒክአፕ ይወስዷችኋል። ከዓለት ዓለት እያዞሩ ያሳዩአችኋል፤ ኻዝዓሊ የሚባለው ስንጥቅ ውስጥ የጥንት ሰዎች የቀረጹት እግርና ግመል አለ። ነፋሱ አሸዋ ስለሚያለብስ ነጠላ ወይም ሻሽ ፊት ላይ መጠምጠም ነው። ለሌሊቱ ደግሞ ጋቢ ያዙ። እውነቴን ነው። ቀን የጋለው በረሃ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢን የሚያህል የበረሃ ልብስ የለም። የበረሃው ሰዎች፣ ቤዱዊኖቹ፣ ራሳቸው ይዳስሱታል።

እራቱ ዘርብ ነው። ሥጋና አትክልት በደርብ በደርብ ትሪ ተደርጎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ላይ ይወርዳል፣ በላዩ አሸዋ ይጎሰጎሳል። ሲከፈት መጀመሪያ አሸዋው በአካፋ ይጠረጋል፣ ከዚያ ክዳኑ ሲነሳ ጭሱ ከነሽታው ይወጣል። ጾመኞች ልብ በሉ፤ ሥጋው ከላይ ከሆነ ጮማው አትክልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከሰዓት ስትደርሱ ተናገሩ፣ ለብቻ ያደርጉላችኋል።

አቃባ (አንድ አዳር)

አንድ ሰዓት ቁልቁል ወርዳችሁ ቀይ ባሕር ላይ ናችሁ። ከዳርቻው ቆማችሁ እስራኤልንና ግብፅን ታያላችሁ፤ ሳዑዲ ድንበርም ቅርብ ነው። ከተማው መሀል ያለው የሕዝብ ዳርቻ ለሻይና ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለመዋኘት ግን አይመችም፣ በተለይ ለሴት። የአገሩ ሴቶች እዚያ ከነልብሳቸው ነው የሚገቡት። በዋና ልብስ መሆን የምትፈልጉ የሚያስከፍሉትን ዳርቻዎች ወይም ሆቴሎች ያዙ።

ኮራሉ ያለው በደቡቡ ዳርቻ ነው፤ ከከተማው በታክሲ ትደርሳላችሁ። ከዳር ጥቂት ሜትር ገብታችሁ ፊታችሁን ስትነክሩ ዓሣው ከበባችሁ ማለት ነው። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ እዚያው ይከራያል። የጎማ ጫማ አድርጉ፤ እሾህ ያላቸው የባሕር እንስሳት አሉ። ኮራሉን አትርገጡ፣ አትንኩ። መዋኘት ለማንችለው፣ ብዙዎቻችንም አንችልም፣ ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ። ጠልቀው የሚገቡት እ.ኤ.አ. በ1985 ሆን ተብሎ የሰጠመውን ሴዳር ፕራይድ መርከብና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን የታንክና የጦር ሄሊኮፕተር የባሕር ሥር ሙዚየም ያያሉ።

ጠልቃችሁ ከገባችሁ ግን በዚያው ቀን አትብረሩ። 24 ሰዓት ይለፍ። በረሃው አውራ ጎዳና ከአቃባ ተነስቶ ከፍ ወዳለ ቦታ ስለሚወጣ ለመኪና መንገዱም ይዘዋችሁ ከጠለቁት አስጎብኚዎች ጋር ተማከሩ። በማግስቱ ጠዋት በረራ ያለው ሰው በመነጽር ከላይ መዋኘት ይበቃዋል።

አማን መመለሻው በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከአቃባ መውጫ ላይ ጉምሩክ ይቆማል፤ ከተማዋ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስለሆነች ቀረጡ ይለያል። የገዛችሁት ዕቃ ካለ ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር ኪሳችሁ አድርጉ፤ ሻንጣው አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ነው።